ፀሐይ እንዳትነካሽ

የብረቱ መሸፈኛ ዐይኖቿ ላይ ሲያርፍ ዓለም ጨለመባት።

«አትንቀሳቀሺ እህቴ» አላት ሐኪሙ። «ሌዘር ዐይን አይምርም።»

ድርጭት የምስጢር ስሟ ነው። እዚህ ክሊኒክ ግን የጉንጯን ጠባሳ ልታስጠፋ የመጣች ሙሽራ ናት። በር ላይ የቆሙት ጠባቂዎች የክሊኒኩ ባለቤት ሰዎች ናቸው፤ ባለቤቱ ደግሞ ከድርጭት የስለላ መሥሪያ ቤት ምስጢር የሚገዛ ሰው ነው። ሻጩ ማን እንደሆነ አይታወቅም። «ምስጥ» ይሉታል፤ ውስጥ ውስጡን ስለሚበላ። በእሱ ጥቆማ ባልደረቦቿ ተቀብረዋል። ስሙን ሐኪሙ ያውቃል፤ ሊናገርም ቃል ገብቷል።

ውሉ ቀላል ነበር። ሌዘር ሲተኮስ ከሐኪምና ከታካሚ በቀር ማንም አይገባም። ማሽኑ ይጮሃል፤ ሐኪሙ አየር ላይ ይተኩሳል፤ በጩኸቱ መሃል ስሙን ይነግራታል። ፊቷን አይነካም። ስለዚህ ማደንዘዣ እንኳ አልተቀባችም።

ጠባሳዋን አትሰጥም። ትንሹ ልጇ እንቅልፍ የሚወስደው እሱን በጣቱ እየዳበሰ ነው።

ማሽኑ ተነሳ። የማቀዝቀዣው ነፋስ ፊቷን መታት።

በሩ ተከፈተ። ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ሦስተኛ ሰው ገባ።

«ዶክተር፣ ማነው?»

«ነ... ነርሷ ናት።»

ከዚያ ሰማችው። ቀጭ። ከረሜላ ከጥርስ ጋር ሲጋጭ። ቀጥሎም የናና ሽታ መጣ።

ጋሼ ሲጋራ ካቆሙ ወዲህ አፋቸው ከናና ከረሜላ ተለይቶ አያውቅም። ሥራውን ያስተማሯት፣ ዛሬም በመኪናቸው ያመጧት አለቃዋ ናቸው። መኪና ውስጥ ሊጠብቋት ነበር። ይህን ቀጠሮ ከዋናዋ ኃላፊ በቀር የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ በልቧ አንቱታውን አነሳችበት።

ፈራች። እንዲህ ፈርታ አታውቅም። እሱ ያያታል፤ እሷ አታየውም። እንደነቃችበት ካወቀ ከዚህ አልጋ በእግሯ አትወርድም።

«ስሙን ንገረኝ» አለች በሹክሹክታ።

የሐኪሙ ድምፅ ወደ ጆሮዋ ቀረበ። «ረጅሙ ነው። የሬዲዮ ክፍሉ ሰውዬ።»

ውሸት ነው። ረጅሙ፣ ልጇ የታመመ ጊዜ በጀርባው አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሰላት ሰው ነው። ይህ ስም ቢሮ ከገባ ረጅሙ አለቀለት።

«ወይኔ! እሱ?» ድምጿ ተንቀጠቀጠ። ለማስመሰል አልተቸገረችም።

ቀጭ።

«እህቴ... ፊትሽ ሳይነካ ብትወጪ ጠባቂዎቹ ይጠረጥራሉ። በእውነት ልሠራው ነው።»

የታዘዘ ሰው ድምፅ ነበር። ነገሩ ወዲያው ገባት። ፊቷ የተላጠ ሰው ሰንብቶ ነው ከቤት የሚወጣው። እስከዚያ የውሸቱን ስም ለዋናዋ የሚያደርሰው ጋሼ ነው፤ እሷን የሚጠይቃት አይኖርም። እንቢ ካለች ደግሞ ነቃች ማለት ነው።

«ይሁን» አለች።

የመጀመሪያው ምት ወረደ።

ጥርሷን ነከሰች። ያረረ ፀጉር ሸተታት፤ የራሷ ፊት ነው። ሌዘሩ ጠባሳው ላይ ሲደርስ የልጇ ጣት ታሰባት፣ እንባዋም ከመሸፈኛው ሥር ሾልኮ የተላጠ ቆዳዋን አቃጠላት። አልጮኸችም።

መሸፈኛው ሲነሳ ክፍሉ ውስጥ ሐኪሙ ብቻውን ነበር። ዐይኗን ሊያይ አልደፈረም።

«እዚህ ጎን ያለው ጨለማ ክፍል ውስጥ እረፊ። ጨርቅ አይንካው። ፀሐይማ በፍጹም እንዳትነካሽ! ከነካችሽ ጠቁሮ ይቀራል፤ ያን እኔም አልመልሰውም።»

የጨለማው ክፍል መስኮት ወደ ጓሮ ይከፈታል። በፊት በር የጋሼ መኪና አለ፤ ስልኳና ቦርሳዋም እዚያው ናቸው። ውጭ እኩለ ቀን ነው።

በመስኮቱ ዘላ ወረደች።

ፀሐይዋ ፊቷ ላይ እንደ ፍም ተቀመጠች። ጥላ ለጥላ ልትሄድ ሞከረች፤ በዚያ ሰዓት ጥላ ከየት ይምጣ! በየመንገዱ ሰው እያያት ይሸሻል። አንዲት ሴትዮ ግን ደንግጣ ቆመች።

«ውይ በሞትኩት! ማነው እንዲህ ያደረገሽ የኔ ልጅ?»

«አለቃዬ» አለች ድርጭት፣ እርምጃዋን ሳታቋርጥ።

ዋናዋ ኃላፊ ቢሮዋ ስትገባ ስታያት ከወንበሯ ብድግ አለች። «ምስጡ ማነው?»

«ጋሼ ነው።»

«ማስረጃሽስ?»

«ሐኪሙን አስያዢው። ዐይኔን ማየት እንኳ አልደፈረም፤ ቢጠየቅ ይናገራል።»

ሐኪሙ ሳይመሽ ለፈለፈ። ጋሼን መኪናው ውስጥ እየጠበቃት ያዙት፤ ከረሜላው አፉ ውስጥ ነበር። ረጅሙ ከምን እንዳመለጠ ሳያውቅ ሬዲዮውን ሲነካካ ዋለ።

ድርጭት የምትባል ሴት ከዚያ ወዲያ የለችም። አዲስ ስም፣ አዲስ ሰፈር ሰጧት። ቁስሉ ሲሽር ጠባሳው ጠፍቶ ጉንጯ ልሙጥና የጠቆረ ሆኖ ቀረ፤ የድሮ ጎረቤቷ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ ተቀምጣ ሳታውቃት ወረደች።

ልጇን እስክትድን ከቆየበት ከእህቷ ቤት ያመጣችው እንቅልፍ እንደተጫጫነው ነው። መብራቱን አጠፋችና አጠገቡ ጋደም አለች። ጣቱ እንደ ልማዱ ወደ ጉንጯ መጣ። ፈለገ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች ፈለገ። ከዚያ እጁን መለሰ።

«እማዬ ስትመጣ ቀስቅሽኝ፣ እሺ?» አላት።

«እሺ» አለችው።