ሾላው ሥር የተደፋ ጽዋ

ሬሳው የተገኘው የካምፑ በጎ ፈቃደኞች በዚህ ክረምት በገዛ እጃቸው ቆፍረው በቆርቆሮ ባጠሩት መጸዳጃ ቤት ጀርባ ነው። ከእነሱ አንዱ የሆነው ታምሩ በጎኑ ተጋድሞ፣ ጉልበቶቹን ወደ ሆዱ ሰብስቦ፣ ጉንጩን የገዛ ትውከቱ ላይ አሳርፎ ነበር። ሐይቅ ዳር ያለችውን የቡሹሎን አየር ለመተንፈስ ሰው ከመሃል ከተማ ድረስ ባጃጅ ተኮናትሮ ይመጣል፤ እዚያ ቆርቆሮ ጀርባ ግን አየር የሚባል ነገር አልነበረም። ሽታው አፍ ውስጥ ገብቶ ምላስ ላይ ይቀመጣል።

ኢንስፔክተር ኢያኤል ዳንጊሶ አፍንጫዋን አልሸፈነችም። ግማሹን ሥራዋን የምትሠራው በአፍንጫዋ ነው። ምሳ በልታ መምጣቷ ግን ቆጫት።

ሳጅን ደሳለኝ ራቅ ብሎ እንደቆመ ሪፖርቱን አቀረበ። አነጋገሩ ጉዳዩን እንደጨረሰ ሰው ነው።

«መርዝ ነው፣ ኢንስፔክተር። ምግብ አብሳይዋ ገነት ዓሣ ላይ ጨምራ አብልታዋለች። የትኋን መድኃኒት ጠርሙስ ኩሽናዋ ውስጥ፣ ዱቄት ጆንያ ሥር ተገኝቷል። ሴትዮዋን አስሬ መኪና ላይ አስቀምጫታለሁ።»

«ዓሣ መብላቱን ማን ነገረህ?»

«የካምፑ ኃላፊ አቶ ምንያህል። ቀትር ላይ ከኩሽና ሲመለስ አይተውታል።»

ኢያኤል ቁጢጥ ብላ ትውከቱን መመልከት ጀመረች። ደሳለኝ ፊቱን አዞረ። ፈሳሹ ወተት ጠብ ያለበት ቀይ ለስላሳ ይመስላል፤ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው። እህል የለበትም፣ የዓሣ ሥጋም ሆነ እሾህ የለበትም። ጥፍር የምታህል ስስ የቂጣ ቁራሽ ብቻ አንድ ጥግ ላይ ተጣብቃለች። ጎንበስ ብላ አሸተተችው። መጀመሪያ የሚመጣው ጣፋጭ ሽታ ነው፤ ከሥሩ ግን ጉሮሮ የሚይዝ የመድኃኒት ሽታ አለ።

«ዝንቦቹን አየሃቸው?» አለችው።

«መጸዳጃ ቤት ነው እኮ፣ ዝንብ አይጠፋም።»

«በሩ ላይ ያሉት ይበራሉ። ትውከቱን የቀመሱት ግን እግራቸውን ሰቅለው ሞተዋል። መርዙን በትክክል ገምተሃል። ዓሣው ግን የታለ?»

ደሳለኝ ወደ ኩሽናው ዞሮ አየ።

ካምፑ ክረምት በመጣ ቁጥር ከከተማው ችግረኛ ቤተሰቦች ሕፃናትን የሚያሳርፍ የአንድ ቤተ ክርስቲያን በጎ አድራጎት ማኅበር ነው። የሣር ጎጆ፣ የገለባ ፍራሽ፣ በፍራሹ ውስጥ ደግሞ ትኋን። የሚያገለግሉት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። በማግስቱ ወላጆችና ረጂዎች ሊጎበኙ ስለሚመጡ ዕለቱ የጾም ጸሎት ቀን ነበር፤ ከሕፃናቱና ከጥቂት ሰዎች በቀር እስከ ምሽት እህልም ውሃም የሚቀምስ የለም።

ገነት ፒክአፑ ላይ እጆቿ ታስረው ተቀምጣለች። ሻሿ ከራሷ ተንሸራቶ ትከሻዋ ላይ ወርዷል፤ ማንሳት አልቻለችም። ኢያኤል መጀመሪያ ሻሿን መለሰችላት።

«እትዬ ገነት፣ ታምሩ ዛሬ እርስዎ ዘንድ መጥቶ ነበር?»

«መጥቷል። የልጆቹን ዓሣ ስጠብስ በሩ ላይ ቆሞ፣ የሚጠጡትን ውሃ አፍይላቸው አለኝና ሄደ። እንኳን ሊበላ፣ ሽታው እንዳያስጎመጀው ፊቱን አዙሮ ነው ያናገረኝ።»

«ጥል ነበራችሁ ይባላል።»

«የልጆቹ ሆድ ሲላላ "የገነት እጅ ነው" ያሉት ጋሽ ምንያህል ናቸው። ታምሩማ "አንቺ አይደለሽም፣ ውሃው ነው" ብሎ አንጀቴን ያራሰኝ ልጅ ነው።» ድምፅዋ ተሰበረ። «እህል ባለበት ቤት መርዝ አላስገባም፣ የኔ እመቤት። ልጆቹን ለማብላት ሐይቅ ዳር ስወርድ ኩሽናው ባዶ ነበር፤ ማን እንዳስገባው አላውቅም። አሁን በዚህ መኪና ከተማ ከገባሁ አበቃልኝ። ነጻ ነሽ ብትሉኝ እንኳ፣ መርዛለች የተባለች ሴት ማን ኩሽናው ያስገባታል?»

ኢያኤል መኪናው ከካምፑ እንዳይወጣ ለደሳለኝ ነገረችው።

የጤና በጎ ፈቃደኛዋ ኢክራም የነርስ ተማሪ ናት። የታመሙት ሕፃናት በተኙበት ጎጆ ውስጥ፣ ሰሌን ላይ ተቀምጣ የአንዷን ከንፈር በማንኪያ ታረጥባለች። ከሰሌኑ ጎን ባልዲ አለ። ባልዲው ውስጥ ያለውን ኢያኤል አንዴ አይታ ሁለተኛ አላየችም።

«እኔ ሙስሊም ነኝ፣ የዛሬውን ጾም አልጾምኩም» አለች ኢክራም። «ታምሩ ግን ጠዋት ሆዱን ቆርጦት የጨውና የስኳር ውሃ በጥብጬ ብሰጠው፣ ጾሙ ሲፈታ እጠጣዋለሁ ብሎ መለሰልኝ። ያውና ኩባያው፣ እስካሁን ተከድኖ ተቀምጧል።»

«የትኋን መድኃኒቱስ?»

«ፍራሾቹን ስንጨርስ ጠርሙሱን ለጋሽ ምንያህል መለስኩላቸው። ልጆች እንዳይነኩት ብዬ ነው፤ ቁልፍ ያለው የእሳቸው ክፍል ብቻ ነው።»

የቡድኑ መሪ ሳምሶን በሩን የሚሞላ ጎረምሳ ነው። ትናንት ታምሩን ሰው ፊት በጥፊ መትቶታል። አልካደም።

«ልጆቹን ከውሃ ጉድጓዱ አትጠጡ እያለ ያስፈራራቸው ነበር። ነገ ወላጆቻቸው ፊት ቆሜ እናገራለሁ ሲል ደሜ ፈላ። ክረምቱን ሙሉ የለፋንበትን ሊያፈርስ ነው ብዬ…» እጁን አየ። «የመታሁት በዚህ እጄ ነው። ይቅርታ ልለው ለማታ ነበር ያሰብኩት።»

«ጉድጓዱ ምን ሆኗል?»

«ታምሩ የውሃ ምህንድስና ነው የሚማረው። መጸዳጃው ከውሃ ጉድጓዱ በላይ ስለተቆፈረ ይሰርጋል ይል ነበር። ታች እንቆፍር ብሎም ነበር። ጋሽ ምንያህል ግን ታች ከመንገድ ይታያል፣ ለእንግዳ ዓይን ያስጠላል አሉ። ላይ ቆፈርን።»

ኢያኤል የባልዲው ነገር ትዝ አላት። ለእንግዳ ዓይን እንዳያስጠላ ሲባል ሕፃናቱ ምን ሲጠጡ እንደከረሙ ገባት።

«ታምሩ ጾም ላይ እያለ ምን ሊቀምስ ይችላል?»

«ምንም። ጾማችን የሚፈታው ማታ በጌታ እራት ነው። ከዚያ በፊት ቢሞት…» ሳምሶን ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። «እሱንም የሚሰጠው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ እኛ ጽዋውን አንነካም።»

አቶ ምንያህል ኢያኤልን በትሕትና ከመቀመጫቸው ተነሥተው ተቀበሏት። ሸሚዛቸው ተተኩሷል፣ ክፍላቸው በሳሙና ታጥቧል፤ በካምፑ ውስጥ የማይሸተው ቦታ ያ ብቻ ነበር። አልጋው ሥር የታሸገ ውሃ ተደርድሯል፤ አንደኛው ጠርሙስ ተጋምሷል። ጠረጴዛው ላይ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ትሪ አለ።

«ይፈቅዱልኛል?» ብላ ጨርቁን ገለጥ አደረገችው። ትንንሽ የብርጭቆ ጽዋዎች፣ በማንቆርቆሪያ የተሞላ የዘቢብ ጭማቂ፣ ጠርዙ የተቆረሰ ስስ ቂጣ። ጽዋዎቹ ደርቀው ስስ አቧራ ይዘዋል። አንዱ ግን ታጥቧል፤ ውስጡ ገና እርጥብ ነው።

«ለማታ ያዘጋጀሁት ነው» አሉ አቶ ምንያህል። «ልጄ፣ ይቺን ሴትዮ ዛሬውኑ ብትወስዱልኝ። ነገ እንግዶች አሉብን። ሬሳውንም ቢቻል በጓሮ በኩል አውጡት፤ በዋናው በር ሲወጣ ሰው ያያል።»

«ያዝናሉ ብዬ ነበር» ልትል ቃጣትና ተወችው። ለእሳቸው «አመሰግናለሁ» ብላ ወጣች።

ከክፍሉ ጀርባ አንድ ትልቅ ሾላ አለ፤ በድንጋይ የተከበበ ስለሆነ ማንም አይረግጠውም። ከግንዱ ሥር አንድ እጅ የምታህል አፈር ርሳ፣ በመዳፍ ተዳምጣ ተስተካክላለች። ኢያኤል ተንበርክካ አፈሩን በጣቷ ገለጥ አደረገችው። ጉንዳኖቹ በሰልፍ እንደመጡ በሰልፍ ሞተዋል። ከአፈሩ ቆንጥራ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ጣፋጭ ነው፤ ከሥሩ ጉሮሮ ይይዛል። እጇን በሣር ብትጠርግ፣ በውሃ ብትታጠብ፣ ሽታው ከጣቷ አልለቅ አላት።

ፀሐይ ወደ ሐይቁ ሳታዘቀዝቅ ሁሉም በሚበሉበት ዳስ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሳምሶን መሬት መሬቱን ያያል። ኢክራም አንዷን የታመመች ሕፃን ታቅፋለች። ገነት እጇ እንደታሰረ ጥግ ላይ ቆማለች፤ አቶ ምንያህል ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

«እትዬ ገነት አልገደሉትም» አለች ኢያኤል። «ታምሩ ዓሣ አልበላም። ሆዱ ውስጥ የነበረው ከመርዝ ጋር የተቀላቀለ የዘቢብ ጭማቂና ጥፍር የምታህል ቂጣ ነው። ኩሽና ውስጥ ደግሞ ዘቢብም ቂጣም የለም። አሁን ጥያቄው፣ ለሕመሙ የተበጠበጠለትን እንኳ እምቢ ያለ ጿሚ በቀትር ምን ብሎ አፉን ከፈተ ነው። ሳምሶን፣ አንተ ነግረኸኛል።»

ሳምሶን ቀና አለ። ነገሩ ገና አሁን ገባው።

«የጌታ እራት» አለ በቀስታ።

«ጿሚ እሱን ብቻ አይመልስም። የሚሰጠው ሽማግሌ ነው፣ እዚህ ያሉት ሽማግሌ ደግሞ አቶ ምንያህል ብቻ ናቸው። "ከማታው በፊት እንታረቅ፣ አብረን እንቁረስ" ብለው ጠሩት። ልጁ አምኖ ጠጣ፤ ሆዱን ሲይዘው ወደ መጸዳጃው ሮጠ። የመድኃኒቱ ጠርሙስ የነበረው እዚያው ቁልፍ ያለው ክፍል ውስጥ ነው፤ ኩሽና የገባው እትዬ ገነት ሐይቅ ዳር ልጆቹን ሲያበሉ ነው።»

«ይሄ ድፍረት ነው» አሉ አቶ ምንያህል። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። «የታጠበ ጽዋ አይተሽ ሰውን ነፍሰ ገዳይ ትያለሽ?»

«ጽዋው ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። የተረፈውን መጸዳጃ ቤት ቢደፉት ኖሮ እኔም የምይዘው ጠፍቶኝ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር፤ እዚያ ማን ገብቶ ያሸታል? ግን አላስቻለዎትም። የተጸለየበት ጽዋ ነዋ። አባቴም ሽማግሌ ነበር፤ ከማዕዱ የተረፈውን ሰው በማይረግጠው አፈር ላይ ሲያፈስ እያየሁ ነው ያደግሁት። እርስዎም ሾላው ሥር አፈሰሱት፣ በመዳፍዎ ዳመጡት። ጉንዳኖቹ ግን አለቁ። አፈሩ በላስቲክ ታሽጎ ወደ ምርመራ ይሄዳል።»

ኢያኤል አንድ እርምጃ ቀረበች።

«ልጁን ቆሻሻ ውስጥ እንደ ውሻ እንዲሞት ተውከው፣ ጭማቂውን ግን አከበርከው። ብዙ ሬሳ አይቻለሁ። እንደዚህ ያቅለሸለሸኝ ነገር ግን የለም።»

አንቱታው ከዚህ በኋላ ለእኔ ለተራኪውም ይቅርብኝ። ምንያህል መሃረቡን አውጥቶ ከንፈሩን ጠረገ።

«ምን አድርጎኝ ነው የምገድለው? ስለ ጉድጓዱ የሚያወራው ውሸት ነበር። በልጅ ውሸት ሰው ነፍስ ያጠፋል? ውሃው ንጹሕ ነው፤ ይኸው ክረምቱን ሙሉ ጠጥተነዋል።»

«ደሳለኝ፣ እትዬ ገነትን ፍታ» አለች ኢያኤል። «እትዬ ገነት፣ ካላስቸገርኩዎ ከጉድጓዱ አንድ ኩባያ ይቅዱልን።»

ገነት የታሰረችበትን የእጅ አንጓ እያሻሸች ሄዳ ተመለሰች። ኩባያውን እንደ ልማዷ በሁለት እጇ፣ ጎንበስ ብላ ለምንያህል አቀረበችለት። እሱም እንደ ልማዱ ተቀበለ። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ አንድም ነገር አይታይበትም። ሕፃኗ ከኢክራም እቅፍ ሆና ኩባያውን ታየዋለች። ምንያህል ወደ አፉ አስጠጋው፣ ከንፈሩ ጠርዙን ሳይነካ እጁ ቆመ።

«ጾም ላይ ነኝ» አለ።

«አልጋህ ሥር የተጋመሰውን ጠርሙስ ማን ጠጣው?» አለች ኢያኤል። «ታምሩም ጾም ላይ ነበር።»

ሳምሶን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ደሳለኝ ከገነት እጅ የፈታውን ገመድ እንደያዘ ወደ ምንያህል ሄደ።

ገነት ኩባያውን ከምንያህል እጅ ወሰደች። ውሃውን እግሩ ሥር፣ በደንብ በተወለወለው ጫማው ላይ ደፋችው። ከዚያ ሻሿን አጥብቃ አሰረችና፣ ታምሩ እንዳላት ለልጆቹ ውሃ ልታፈላ ወደ ኩሽናዋ ገባች።