የጋሽ ዘርጋው አፍ

ማዕዶት ላይ ሰው ሁሉ የሚበላው በጋሽ ዘርጋው አፍ ነው። ይህ የሚገርመው እንግዳን ብቻ ነው። ከተማዋ ውቅያኖስ ላይ የምትንሳፈፍ ናት፤ የምድሩን እህል ዋግ ከጨረሰው ወዲህ ገበያዋ ውስጥ የሚገኘው የባሕር ቅጠል ብቻ ነው። የባሕር ቅጠል ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ያስጠላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ነዋሪ ላንቃው ላይ የምስር ፍሬ የምታህል መሣሪያ ይለጠፍለታል፤ «አጣጣሚ» ይሏታል። ጋሽ ዘርጋው የሚባሉ ሰው አንድ ቀን ይህንኑ ቅጠል ሲበሉ አእምሯቸው የተሰማው ደስታ ተቀድቶ ተቀምጧል፤ አጣጣሚዋ ያንን ደስታ ለሚያኝከው ሁሉ ታውሰዋለች። ሰዉም ሳህኑን ይይዝና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ለብቻው ያጣጥማል።

ትርሲት የአጣጣሚዎቹ ባለሙያ ናት። አዲስ ለሚመጡ ሰዎችም ቅጠል አገዛዝና አበሳሰል ታስተምራለች። አሁን ግን ያስጨነቃት ተማሪ የገዛ አባቷ ናቸው። አቶ አሰግድ ዕድሜያቸውን ሙሉ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ የደሴ ሰው ናቸው፤ በየመንገዱ ካሉት ምግብ ቤቶች የትኛው ጥብሱን እንደሚያሳርር በቃላቸው ያውቃሉ። መርከቡ ካወረዳቸው ጀምሮ ከውሃ በቀር በአፋቸው የዞረ ነገር የለም። ሱሪያቸው ሰፍቷቸዋል፤ ከወንበር ሲነሡ ግድግዳ ይይዛሉ። ሐኪሙ ትርሲትን ለብቻዋ ጠርቶ፣ በዚሁ ከቀጠሉ ብዙ አይቆዩም ብሏታል።

እናም ቅጠሉ ይበልጥ ቢጣፍጥ ይበሉ ይሆናል ብላ ለአባቷ ስትል አንድ ሥራ ሠራች። የጋሽ ዘርጋውን ቅጂ ከፍታ ስትመረምረው ስሕተት አገኘች። በእያንዳንዱ ጉርሻ ላይ ትልቁ ደስታ የሚመጣው ቅጠሉ ምላስ ከመንካቱ በፊት ነው። ያልተቀመሰ ነገር እንዴት ይጣፍጣል? የመሣሪያ ጫጫታ መሰላትና ቆርጣ አወጣችው። ጥርት ያለ ጣዕም ብቻ ቀረ። የታደሰውን ቅጂ ለከተማው ሁሉ ላከች፤ አሮጌው እንደ ደንቡ ተሰረዘ።

ከዚያ አባቷን ደግፋ ገበያ ወጣች። ለጀማሪዎች የምትለውን ሁሉ አለቻቸው። ቅጠሉ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ይሁን፤ ሲጎትቱት ቶሎ አይበጠስ፤ ዳር ዳሩ ከነጣ አርጅቷል፤ የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ በእጅም አይነካም። ቤት ሲገባ አሸዋው እስኪለቅ ደጋግሞ ማጠብ፣ ጨው እንዲተው መዘፍዘፍ፣ ከዚያ ለአፍታ ብቻ ማፍላት ነው፤ እሳት ከበዛበት ይዝለገለጋል።

አቶ አሰግድ አንዱን ቅጠል በሁለት ጣታቸው አንሥተው አዩት። ከጫፉ ላይ ልጋግ የመሰለ ነገር ተዝለግልጎ ወረደ። ከሥሩ አንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣ ተለጥፋለች። ሻጯ ይህ የትኩስነቱ ምልክት እንደሆነ አስረዳቻቸው። አቶ አሰግድም ራዲያተራቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ቢያገኙ ኖሮ ተሳፋሪውን አውርደው መኪናውን ጋራዥ ያስገቡ እንደነበር ነገሯትና እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ።

ቤት ደርሰው ትርሲት ቅጠሉን አጥባ፣ ዘፍዝፋ፣ ለአፍታ አፈላችው። ለአባቷ አዲስ አጣጣሚ ለጠፈችላቸው። እንዲደፍሩ ብላ እሷም እንደ ልማዷ አንድ ማንኪያ ሙሉ ጎረሰች።

ወይ ጉድ! የገባው ንፍጥ ነው፤ ከነጨዉ፣ ከነክርፋቱ። ጥርስ ሲያገኘው ይሸሻል፤ ምላስ ሊተፋው ሲል ላንቃ ላይ ይለጠፋል። የአሮጌ ጎማና የአሣ ዕቃ እጣቢ አንድ ላይ የፈላ መሰላት። ሮጣ ከመታጠቢያው ላይ ተፋችው፤ አባቷም ከጎኗ ቆመው ይተፋሉ።

«በስልክ ይጣፍጣል ያልሽኝ ይህን ነው?» አሏት፣ አፋቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ። አጣጣሚዋን ከላንቃቸው ነቅለው ወረወሯትና አልጋቸው ላይ ወጥተው ፊታቸውን አዞሩ።

ከኮሪደሩም የሚያስታውክ ሰው ድምፅ ይሰማ ጀመር፤ አንዱ ሲበቃው ሌላው ይቀጥላል። ግድግዳውም ወለሉም ከረፋ። የትርሲት አለቃ ደውሎ፣ ያበላሸችውን ዛሬውኑ እንድታስተካክል ነገራት። አሮጌው ቅጂ የለም። ያለው መንገድ ጋሽ ዘርጋውን እንደገና መቅዳት ብቻ ነው። እሷም አባቷን እያሰበች የመቅጃውን ቆብና አንድ ሳህን ቅጠል ይዛ ወረደች።

ጋሽ ዘርጋው የሚኖሩት ከታችኛው ወለል፣ የውሃ መሳቢያዎቹ አጠገብ ነው። ሳህኑን ሲያዩ አፍንጫቸውን ያዙ። ትርሲት የሚቀልዱ መስሏት ሳቀች። እሳቸው ግን አልቀለዱም። አጣጣሚ ኖሯቸው እንደማያውቅ፣ ቅጠሉንም እንደ ኮሶ ዐይናቸውን ጨፍነው እንደሚውጡት ነገሯት። ታዲያ ያ ሁሉ ደስታ ከየት መጣ ብላ ጠየቀቻቸው።

«ሲቀዱኝ እጄን አስረውት ነበር» አሉ ጋሽ ዘርጋው። «ከተንቀሳቀስኩ ቅጂው ይበላሻል አሉኝ። አንዱ ልጅ በማንኪያ ሊያበላኝ ሲል ባለቤቴ አልጋነሽ ማንኪያውን ቀማችው። እኔ እያለሁ ባሌ በማንኪያ አይበላም አለችና እጇን ታጥባ መጣች። በሞቴ እያለች አጎረሰችኝ። ቅጠሉማ ልጄ፣ ያን ቀንም ይቀፍ ነበር።»

«ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ? የጠየቁት መሣሪያውን ነው።»

አልጋነሽ ከሞተች ቆይታለች። ጋሽ ዘርጋው ይህን ሲናገሩ ወደ መሳቢያዎቹ ዞሩ።

ትርሲት ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ቅጠሉ ምላስ ሳይነካ የሚመጣው ደስታ፣ ጫጫታ ብላ ቆርጣ የጣለችው፣ ወደ ባሏ አፍ የምትመጣ የአንዲት ሴት እጅ ነበረች። አንድ ከተማ ሙሉ ሕዝብ ለየብቻው ተቀምጦ፣ ከማያውቃት ሴት እጅ እየጎረሰ፣ ቅጠሉ ጣፈጠኝ ሲል ኖሯል። ያችን እጅ ከእንግዲህ የሚቀዳት የለም። ትርሲት ከቅጠሉ ይልቅ ራሷን ተጸየፈች።

ቆቡን እዚያው ትታ ሳህኑን ብቻ ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች። አባቷ እንደተኙ ናቸው፤ ከንፈራቸው ደርቋል። ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ የራሷን አጣጣሚ ነቀለች። እጇን ታጠበች። ቅጠሉን እጥፍጥፍ አድርጋ ስትጠቀልለው ዝልግልጉ በጣቶቿ መካከል ወጥቶ እስከ አንጓዋ ወረደ። ሰውነቷን ሰቀጠጣት።

«አባባ፣ በሞቴ።»

አቶ አሰግድ ዞረው ቅጠሉን አዩና ፊታቸውን አጨማደዱ። ቀጥለው እጇን አዩ። ሳህን መግፋት ይቻላል፤ የተዘረጋ የልጅ እጅ ግን ምን ተብሎ ይገፋል? አፋቸውን ከፈቱ። ዐይናቸውን ጨፍነው አኘኩ። የአንገታቸው ሥር ተገተረ፤ ጉሮሯቸው ወደ ላይ አለ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ወደ ላይ አለ። ዋጡት።

«እንዴት ነው?» አለቻቸው።

«ያስጠላል።»

ከዚያ ግድግዳውን ይዘው ተነሥተው ተቀመጡና ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት። የእሷን ሁለት እጥፍ የሚሆን ጠቅልለው ወደ አፏ ዘረጉላት። ትርሲት ሽታው ገና ሳይደርሳት ፊቷን አጨማደደች። አፏን ከፈተች። ጣፋጭ ነገር ይመጣ እንደሆን ብላ እያኘከች ጠበቀች፤ የመጣ የለም፤ ንፍጡም ጨዉም ክርፋቱም እንዳሉ ናቸው። ዕንባዋ እየወረደ እስከ መጨረሻው ዋጠችው።

«አንድ ያጣላል» አሉ አቶ አሰግድ፣ ሁለተኛውን እየጠቀለሉ።