ሦስት ሳምንት የዘገየ ሥራ

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ነገ፣ ነገ! ሰውን እንዲህ ያመላልሳሉ?» ተርጓሚዋ ቦርሳዋን የጥገና ሱቁ ጠረጴዛ ላይ ጣለችው። «የአሮጌውን ኮምፒውተር ውስጡን አጥፍተህ ለአክስቴ ልጅ ስጣት አልኩህ፤ ይኸው ነው። ሮኬት ሥራልኝ አላልኩህም!»

ኮምፒውተር ጠጋኙ ካቻቢቴውን አስቀመጠ።

«አዲሱ ላይ ሁሉም ነገር መግባቱን አይተሻል?»

«ራሴ ኮፒ አደረግኩት አልኩህ እኮ። ያየሁትን ፋይል በሙሉ።»

«ኢሜይልሽንስ ከፍተሽዋል?»

አልከፈተችውም ነበር። ሁለቱም ኮምፒውተሮች የሚሠሩት በአንድ ሲስተም፣ በሊኑክስ፣ ስለሆነ ነገሩ ልብስ ከሻንጣ ወደ ሻንጣ ከማዛወር የተለየ አልመሰላትም ነበር።

አሮጌውን ልትረከብ የመጣችው የአክስቷ ልጅ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። «ክፈቺውና እንገላገል በናትሽ» አለች። «እሱን ለመውቀስ የደወልሽውን ያህል ለእኔ ደውለሽልኝ አታውቂም።»

ተርጓሚዋ አዲሱን ላፕቶፕ ከፈተች። የኢሜይሉ ፕሮግራም ከዚህ በፊት አይቷት እንደማያውቅ ሰው ስሟን ጠየቃት። ውስጡ ባዶ ነው።

«የአባባ ደብዳቤዎች» አለች፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

አባቷ የመርከብ መካኒክ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ እሁድ እሁድ፣ ካለበት ወደብ በኢሜይል ይጽፍላት ነበር። ካረፈ ዓመት ሞልቶታል። ፕሮግራሙ የመጣውን ደብዳቤ ሁሉ ወደ ኮምፒውተሯ ካወረደ በኋላ ከኢንተርኔቱ ላይ ያጠፋው ስለነበር፣ ደብዳቤዎቹ ከአሮጌው ዲስክ በቀር የትም የሉም።

«ኢሜይሉም ሴቲንጉም የሚቀመጡት ስሙ በነጥብ በሚጀምር ፎልደር ውስጥ ነው» አለ ጠጋኙ ዝግ ብሎ። «አሳየኝ ካላሉት አይታይም። ለዚህ ነው ያመለጠሽ።»

«ትናንት እንኳ አጥፋው ብዬ ጮኼብሃለሁ።» መደርደሪያው ላይ ወዳለው አሮጌ ኮምፒውተር ዞረች። «አጠፋኸው?»

«ይቅርታ አድርጊልኝ፤ አልነካሁትም።»

«እውነትህን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

ያገኘችው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየ ድምፅ አመለጣት።

አሮጌውን ከመደርደሪያው አውርዶ በኬብል ከአዲሱ ጋር አገናኘው። የተደበቀው ፎልደር ብቅ አለ። መገልበጡን የሚያሳየው መስመር ቀስ እያለ ሲሞላ ሁለቱም ዓይናቸውን ከእሱ አልነቀሉም። ከዚያ ፕሮግራሙን ድጋሚ ከፈተችው፤ እሁዶቹ በተርታ ወረዱ። ለዓይኗ ብላ ያተለቀችው ፊደል እንኳ እንዳለ ነው።

«ተመስገን» አለችና ረጅም ትንፋሽ አወጣች። ቆይታ ግን ቀና ብላ አየችው። «የአንድ ሰዓት ሥራ ነው ብለኸኝ አልነበረም?»

«ነው።»

«ታዲያ?»

ጆሮውን አሸት አሸት አደረገ። «ሥራው ካለቀ በኋላ ምን ብለሽ ትደውያለሽ?»

«ደፋር! ስንት ጊዜ ነው የሰደብኩህ?»

«አሥራ አራት ጊዜ።»

«ስድብ ትቆጥራለህ?»

«ስድቡን አይደለም፤ የደወልሽውን ነው።»

ልትቆጣ ፈልጋ አልሆነላትም። ዓይኑን ሸሽታ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተከለች፤ ጉንጮቿ ግን ሳቁ። ከዚያ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች።

«በል ስማ፤ አባባ ቀልድ ይችል ነበር። ‹ልጄ፣ የመርከቡ ወጥ ቤት ዛሬም ሾርባ ነው ብሎ ሙቅ ውኃ አበላን...›»

ጠጋኙ ሳቀ፤ እሷም በእሱ ሳቅ ሳቀች። ሁለተኛውን አነበበችለት። ሦስተኛውን ስትጀምር ትከሻቸው ተነካክቶ ነበር፤ የአክስቷ ልጅም ጃኬቷን ደርባ፣ አሮጌውን ኮምፒውተር እዚያው ትታ፣ በሩን በቀስታ ከኋላዋ ዘግታ ሄደች።