ጋሹ «ቢየላ ነው» ያለው ድምፅ

ይህን አንብባችሁ «ተረት ነው» የምትሉ አትጠፉም። በሉ... ግድ የለም።

እኔ ግን ከራሱ ከባለቤቱ አፍ፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ነው የሰማሁት። አላህ ያውቃል፤ የነገረኝን እንደነገረኝ ነው የጻፍኩት።

ወሩ ነሐሴ ነው። ኢሕአዴግ ገብቶ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት፣ የመካነ ሰላም መንገድ ገና ጠጠር የነበረበት ጊዜ። ሰዓቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ቦታው መካነ ሰላም፣ በቆርቆሮ የታጠረች አንዲት ጋራዥ።

ሙጀሂድ አሮጌዋን ላንድክሩዘር ይዞ በሩ ላይ ሲደርስ መካኒኩ ጋሹ ገና ቱታውን እያጠለቀ ነበር።

«ጋሹ... ቶሎ ስማልኝ። ታንኳኳለች።»

«ኧረ ቀስ! በጠዋቱ ማን እያባረረህ ነው?»

«ፈዲላ ምጥ ይዟታል። ከትናንት ጀምሮ። ነርሷ ‹ደሴ ካላደረሳችኋት እኔ አልችልም› ብላለች።»

ፈዲላ የሙጀሂድ ሚስት ናት። ጋሹ ቀልዱን ዋጠው።

ኮፈኑን ከፈተ። ረጅሙን ካቻቢቴ አነሳና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ። ሐኪም ደረት እንደሚያዳምጠው፣ እሱም ሞተር የሚያዳምጠው እንዲህ ነው።

ኳ... ኳ ኳ።

«ነዳጅ ስጣት።»

ሙጀሂድ ረገጠ። ሞተሩ አጓራ።

ኳ... ኳ ኳ።

አልፈጠነም። አልዘገየም።

«አጥፋት።»

አጠፋት።

ጋሹ ግን ካቻቢቴውን ከጆሮው አላነሳም። ሞተሩ ዝም ካለ በኋላም እንዳጎነበሰ ቆየ... ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«ቢየላ ነው» አለ። «የፒስተኑ ዘንግ ላልቷል። ይቺ መኪና ከከተማ እንዳትወጣ።»

«ቢየላ ቢሆን ነዳጅ ስሰጣት አብሮ አይፈጥንም ነበር?»

«መካኒኩ አንተ ነህ እኔ?»

«እስቲ ዓይኔን እያየህ ንገረኝ።»

አላየውም። እጁን በጨርቅ ይጠርጋል... ይጠርጋል። እጁን ግን ዘይት አልነካውም ነበር።

ሌላ መኪና የለም። የደሴው አውቶቡስ ጎህ ሲቀድ ወጥቷል። ሞተር አውርዶ መፍታት ደግሞ የሳምንት ሥራ ነው። ፈዲላ ሳምንት የላትም። ነገ እንኳ የላትም።

«እንግዲያው አብረኸኝ ትሄዳለህ» አለ ሙጀሂድ። «ከተሰበረች መንገድ ላይ ትጠግናታለህ።»

«ቢየላ መንገድ ላይ አይጠገንም።»

«ታዲያ ቁጭ ብዬ ልቅበራት?»

ጋሹ አማተበና ከጎኑ ገባ።

መኪናዋ ውስጥ ከኋላ ፍራሽ አንጥፈው ፈዲላን አስተኟት። ራስጌዋ እናቷ እማማ ዘይነባ ተቀመጡ። ባለቤታቸው ቁርኣን የሚያቀሩ ሸህ ናቸው፤ ቤታቸው የሚቀራ ደረሳም እንግዳም ተለይቶት አያውቅም። እማማ ዘይነባ በሕይወታቸው በር ሲንኳኳ «ማነው?» ብለው አያውቁም። «ግቡ» ነው የሚሉት።

ወጡ።

የሙቀት መለኪያው ደህና ነው። የዘይቱም ደህና ነው። ሞተሩ ዳገቱን እንደ ጉድ ይወጣዋል።

«ቢየላው የታለ?» አለ ሙጀሂድ፣ ሊያስቀው ብሎ።

ጋሹ አልሳቀም።

ኳ... ኳ ኳ።

ወዲያው ፈዲላ ጮኸች። «ወይኔ እማ!»

«አብሽሪ ልጄ። ያ ረቢ በይ... አብሽሪ።»

ኳኳታው ጸጥ አለ። ፈዲላም ተነፈሰች።

ትንሽ ቆየና... ኳ... ኳ ኳ።

ፈዲላ እንደገና ጮኸች።

ሙጀሂድ መጀመሪያ የመንገዱ ድንጋይ ነው የሚያንገጫግጫት ብሎ ነበር። ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ሲደርሱም ያው ሆነ። መጀመሪያ ማንኳኳቱ ይመጣል... ከዚያ ምጡ። አንድም ጊዜ ምጡ አልቀደመም።

ዞር ብሎ ጋሹን አየው። ጋሹም ልብ ብሏል።

«ዝም በል» አለው ጋሹ በሹክሹክታ። «እነሱ እንዳይሰሙ።»

የአቀስታን ከተማ አለፉ። ደጋው ላይ ሲወጡ ጉሙ ወረደ።

ቀትር ነው። ፀሐይ ግን በየት በኩል እንዳለች አይታወቅም። ሙጀሂድ መብራት አበራ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጅብራዎች፣ እነዚያ ረጃጅም የደጋ ተክሎች፣ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይላሉ፤ ጋቢ ተከናንቦ የቆመ ሰው ይመስላሉ። አንዱን ሲያልፉ፣ ሙጀሂድ ጅብራው ወደ መኪናዋ የዞረ መሰለው።

«ቢስሚላህ» አለና መሪውን ጠበቅ አደረገ።

ያኔ ሞተሩ ቀጥ አለ።

አልተንገራገጨም። አልጨሰም። ዝም ብሎ ጠፋ።

ሁለቱም ወርደው ኮፈኑን ከፈቱ። ናፍታው ይደርሳል። ባትሪው ደህና ነው። የተበጠሰ የለም፤ የላላ የለም። የጋሹ እጅ ሞተሩ ላይ እንዳለ...

ኳ... ኳ ኳ።

ሁለቱም ደነገጡ። ሞተሩ ጠፍቷል። ድምፁም ከሞተሩ አልነበረም።

ከኋላ ነው። ከኋላው በር።

«ጋራዥም ሞተሯ ጠፍቶ ነበር የሰማሁት» አለ ጋሹ።

«ታዲያ ለምን ቢየላ አልከኝ?»

«ምን ልበልህ? ሞተሩ ጠፍቶ ታንኳኳለች ልበልህ? ያበደ ነው የምትለኝ። ቢየላ ካልኩህ ትቆማለህ ብዬ ነው።»

«ሚስቴስ?»

«እሱን አላሰብኩም... እመቤቴን፣ አላሰብኩም።»

ኳ... ኳ ኳ።

ፈዲላ ከውስጥ ጮኸች። ይህኛው ጩኸት ድምፅ አልቀረለትም፤ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ሙጀሂድ ወደ ኋላ ሊሮጥ ሲል ጋሹ ክንዱን ያዘው።

«እንዳትከፍት። እንዳትመልስ። ካልመለሱለት ይሄዳል።»

«አንተ ምን ታውቃለህ? ቢየላ ያልክ ሰው!»

«ሙጀሂድ... ዝም እንበል። ዝም ብቻ።»

ዝም አሉ። ጉሙም ዝም አለ።

ኳ... ኳ ኳ።

እማማ ዘይነባ ሌሊቱን ዓይናቸውን አልከደኑም ነበር። ድካም ጥሏቸው አንቀላፍተዋል። ከእንቅልፋቸው ሳይነቁ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲሉት የኖሩትን በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው አሉት።

«ግቡ... ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ።»

ማንኳኳቱ ቆመ።

መኪናዋ ከኋላዋ ቀስ ብላ ዝቅ አለች። ከባድ ሰው ሲሳፈር እንደምትለው... ዝቅ።

በሩ አልተከፈተም።

ሙጀሂድ ጋሹን ገፍትሮ ሮጠ። ከኋላ ማንም የለም። መሬቱ ጭቃ ነው፤ ጭቃው ላይ የጎማቸው ዱካ ብቻ። በመስታወቱ ወደ ውስጥ ሲያይ እማማ ዘይነባ ነቅተዋል። ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ እግራቸውን አጥፈው፣ ወደ ጥግ ተጠግተዋል። ለሰው ቦታ እንደሚለቅ ሰው።

«ማን መጣ ልጄ?»

«ማንም የለም እማማ።»

«ታዲያ እኔ ለማን ነው የተጠጋሁት?» አሉ፣ ግራ ገብቷቸው።

ሁለቱም ተመልሰው ገቡ። ሙጀሂድ ቁልፉን ሲነካው ሞተሩ ተነሳ። ድምፁ እንደ አዲስ ጠርቷል። አንድም ኳኳታ የለም።

ከኋላ የፈዲላ ድምፅ መጣ። «እማ... ምጡ ቀረ።»

የሚያስደስት ይመስላል አይደል? እማማ ዘይነባ ግን እጃቸውን ሆዷ ላይ ጫኑና አላነሱትም።

«እማማ... ልጁ ይንቀሳቀሳል?» አለ ሙጀሂድ።

እማማ ዘይነባ እጃቸውን ወደ ሌላው ጎኗ አዛወሩ።

«እማማ፣ አንቱን ነው የምጠይቅ!»

«ንዳ» አሉት። «ንዳ ልጄ... ዝም ብለህ ንዳ።»

ነዳ። ጉሙንም ገደሉንም አላየም። አንድ ጊዜ ብቻ ስፖኪዮውን ሊያይ ቀና አለ። ጋሹ ቀድሞት መስታወቱን ወደ ጣሪያው አዞረው። ምክንያቱን አልጠየቀውም።

የዐሱር አዛን ሲሰማ ደሴ ሆስፒታል ግቢ ገቡ። ፈዲላን በቃሬዛ አጣድፈው አስገቧት። ሙጀሂድ ግድግዳ ተደግፎ የሚያውቀውን ዱዓ ሁሉ አደረገ። አንዳንዱን ጀምሮ ይረሳዋል፤ እንደገና ይጀምራል።

በመጨረሻ አንዲት ነርስ ወጣች።

«ወንድ ነው። ትንፋሹ ትንሽ ዘግይቶ ነበር... አሁን መጥቷል። እናትየውም ደህና ናት።»

እማማ ዘይነባ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ሱጁድ ወረዱ። ጋሹ ሙጀሂድን አቅፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ከዚያ ዕቃውን አንጠለጠለ።

«ወዴት?»

«አውቶብስ ተራ። በዚያች መኪና አልመለስም።»

«ድምፁ እኮ ጠፋ።»

«እሱ ነው የፈራሁት» አለ ጋሹ። «ማንኳኳት የተወ ሰው ወይ ሄዷል... ወይ ገብቷል።»

ሄደ።

ፈዲላ እስክትጠነክር መኪናዋ ግቢው ውስጥ እንደተቆለፈች ቆመች። ማንም አልነካትም። ቁልፉ ከሙጀሂድ ኪስ አልወጣም።

የሚመለሱበት ቀን ብራ ነበር። ሙጀሂድ ሊያስነሳት ቀደም ብሎ ወጣ። የኋላዋ መስታወት ደብዝዟል። ጤዛ ነው ብሎ በእጅጌው ጠረገው።

አልጠራም። ጉሙ ከውስጥ ነው፤ ሰው ሲተነፍስባት እንዳደረ መኪና።

ሊከፍት ቁልፉን አወጣ። ያኔ መስታወቱ በራሱ ጠራ... ቀስ ብሎ። ወንበሩ ባዶ ነው። ፍራሹ ባዶ ነው። ከዚያ መስታወቱ እንደገና ደበዘዘ።

«ሙጀሂድ! ምን ሆነህ ቆምክ?» አለች ፈዲላ። ልጁን ታቅፋ ከኋላው ደርሳለች። «ክፈትልን እንጂ፣ ይበርደዋል።»

ዞሮ ልጁን አየው። ተኝቷል። ትንሿ ደረቱ ትነሳለች... ትወርዳለች።

ልጁ ትንፋሹን ሳበ። መስታወቱ ጠራ።

ልጁ ተነፈሰ። መስታወቱ ደበዘዘ።