ኮንቴይነሩ ውስጥ የቀረው ምስክር

ፕሮፌሰሩ በኮምፒውተሮቹ ክፍል በር ሥር፣ እጃቸውን ወደ እጀታው እንደዘረጉ ሞተው ተገኙ። በሩ ከውጭ ተቆልፏል። በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ያለው የእሳት ማጥፊያ ጋዝ መክፈቻ ወደ ታች ተስቧል። ያ ጋዝ እሳትን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ትንፋሽ ያሳጣል።

የበሩ ቁልፍ የተገኘው ጸሐፊያቸው በሆነችው የእህታቸው ልጅ መሳቢያ ውስጥ ነው። ፖሊሶቹ ካቴና ሊያጠልቁላት ሲሉ መርማሪዋ «ቆዩ» አለች። ልጅቷን፣ ጥበቃውንና የፕሮፌሰሩን ረዳት መስኮት በሌለው በረዳቱ ቢሮ ውስጥ አስቀምጣ በሩን ዘጋች።

«መሳቢያዬ አይቆለፍም፤ ማንም ሊከተው ይችላል» አለች ልጅቷ። «ቤተ መጻሕፍት ነበርኩ። ያየኝ ሰው ግን የለም።»

«እኔ ከውጭው በር ንቅንቅ አላልኩም፤ ካሜራው ይመስክር» አለ ጥበቃው። «ከእነዚህ ሌላ ሰውም አላስገባሁም። ደግሞ ከኮምፒውተር ጋር ምን አገናኘኝ? ስልኬን እንኳን የምታስተካክልልኝ ልጄ ናት።»

ካሜራው መስክሮለት ነበር። መርማሪዋ ወደ ረዳቱ ዞረች።

«አንተስ?»

«እዚሁ ወንበር ላይ ነበርኩ። ፕሮፌሰሩ በጥናቴ ያሳተምኩትን የኮምፒውተር ስሌት እንደ አዲስ ሥራው ብለውኝ ነበር። ለእሱ የሚያስፈልጉትን በፓይተን የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፉ ፕሮግራሞች ስጭን ዋልኩ። በየደረጃው ‹ልቀጥል?› ይላል፤ ‹አዎ› ካላሉት ድርቅ ብሎ ይቀራል። ይኸው አልቋል። ብነሳ ኖሮ እንዴት ያልቃል?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ግድግዳዎቹ እየተጠጉ የመጡ መሰላት።

መርማሪዋ ስክሪኑ ላይ ጎንበስ አለች። «እስቲ ክፈተው።»

ረዳቱ ትእዛዝ ጻፈ፤ ፕሮግራሙ ተከፈተ።

«አሁን ደግሞ ኮንቴይነሩን፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ውስጥ ተለይቶ የታጠረውን ሳጥን፣ የሚጠራውን ቃል ተውና በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ክፈተው።»

የረዳቱ ጣቶች ቆሙ። እሷው ራሷ ጻፈችው። ኮምፒውተሩ እንዲህ ያለ ፕሮግራም የለኝም አለ።

«ወንድሜ፣ እንዳልከው ቁጭ ብለህ ‹አዎ› እያልክ ብትጭነው ኖሮ ኮምፒውተሩ ላይ ይገኝ ነበር። ያንተ ያለው ኮንቴይነር ውስጥ ነው። ኮንቴይነር ደግሞ ቀድሞ ከተጻፈ መመሪያ ነው የሚሠራው፤ ‹አዎ›ው ሁሉ እዚያ ሰፍሯል። አንዴ ታዘዋለህ፣ ብቻውን ይጨርሳል። አንተ በዚያ መሀል ኮሪደሩ ላይ ነበርክ።»

«ለምን ብዬ?»

ልጅቷ ቀና አለች። «አጎቴ ስሌትህን በራሱ ኮምፒውተር ሞክሮት ነበር። ያሳተምከው ቁጥር አልወጣለትም።»

ጥበቃው ወንበሩን ከረዳቱ ትንሽ አራቀ።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም» አለች መርማሪዋ። «ኮምፒውተሩ ላይም ሳይጠይቅ እንዲጭን ማዘዝ ትችል ነበር። ያኔ አልደርስብህም ነበር። ለምን በኮንቴይነር አደረግከው?»

ረዳቱ እጆቹን አየ።

«ፕሮፌሰሩ አይወዱም። ያለ ኮንቴይነር አንድ ነገር ከጫንኩ ይቆጡኛል...»

የገደለውን ሰው ቁጣ አሁንም እንደሚፈራ ከራሱ አፍ ሰማ።

መርማሪዋ በሩን ከፈተች። መጀመሪያ የወጣችው ልጅቷ ነበረች።