ፈንታው የመረጠው ሲስተም

ፈንታው ሞቶ የተገኘው በሰርቨሩ ክፍል ወለል ላይ ነው። ወንበሩ በጎኑ ወድቋል፤ ግራ እጁ የጠረጴዛውን እግር እንደጨበጠ ቀርቷል። ኢንስፔክተር ወይንሸት ደጃፉ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ ስትመለከት መጀመሪያ የተሰማት ቅዝቃዜው ነበር። ውጭ የቆቦ ግንቦት ሰው ያቃጥላል፤ ይህች ጠባብ ክፍል ግን ለማሽኗ ሲባል ሁልጊዜ እንደቀዘቀዘች ትኖራለች።

መሥሪያ ቤቱ «ራያ ድር» ይባላል። ለቆቦ፣ ለዋጃና ለጎብዬ ነጋዴዎችና ክሊኒኮች ድረ ገጽ ያዘጋጃል፤ የሁሉንም ገጽና ሰነድ በአንዲት ሰርቨር ላይ በጋራ ያስቀምጣል። ፈንታው የዚያች ሰርቨር ባለሙያ ነበር።

ሐኪሙ ከሬሳው ተነሥቶ ጓንቱን አወለቀ።

«የጄነሬተር ጭስ ነው የገደለው። ዛሬ ጧት ነው። በዚህ ቅዝቃዜ ግን ሰዓቱን ቆርጬ ልነግርሽ አልችልም።»

«ጭሱ ሲገባ አይሸተውም?»

ሬሳውን ያገኘችው የቢሮው ጸሐፊ ቆንጅት ነበረች፤ ከበሩ ወዲያ ቆማ እንባዋን እየጠረገች መለሰች።

«ፈንታው ምንም አይሸተውም። ሳይነስ አለበት። ሁላችንም በዚህ እንቀልድበት ነበር።»

«ሁላችሁም» አለች ወይንሸት፣ ቃሏን እየጎተተች።

ወደ ጓሮ ዞረች። የጄነሬተሩ የጭስ ማውጫ ቱቦ ከመጋጠሚያው ወልቆ፣ አፉ ወደ ክፍሉ የአየር ቀዳዳ ዞሯል። ላየው ሰው ነፋስ የጣለው ይመስላል። ጎንበስ ብላ ማጥበቂያውን መረመረች። ቀለበቱ አልተሰበረም፤ ብሎኑ ተፈትቷል፤ ራሱ ላይ አዲስ ጭረት ያብረቀርቃል። ነፋስ ብሎን አይፈታም።

ተመልሳ ገባችና ስክሪኑን አየች። ጥቁር ነው፤ አንድ መስመር ነጭ ጽሑፍና የምትርገበገብ ጭረት ብቻ። ትርጉሙ አልገባትም። ማንም እንዳይነካው አዝዛ ክፍሉን አሸገች፤ የሠራተኞቹንም ስልክ ሰበሰበች።

ቆንጅትን ከፊት ለፊቷ አስቀመጠቻት።

«መብራቱ ዛሬ መቼ ጠፋ?»

«ጧት ሁለት ሰዓት። እስከ ስድስት እንደሚቆይ ትናንትና ተነግሮን ነበር። ጄነሬተሩን ያስነሣው ሰለሞን ነው፤ ገጾቹን የሚሠራልን ልጅ። ከዚያ ወደ ጎብዬ ሄደ።»

«ከዚያ በኋላ ወደ ጄነሬተሩ የሄደ ሰው አለ?»

 «እኔ። አራት ሰዓት ገደማ ነዳጅ ጨርሶ ቆመ፤ ሞልቼ አስነሣሁት።»

«ቱቦውን አላየሽም?»

«ነዳጁ በፊት በኩል ነው የሚገባው። ወደ ኋላ አልዞርኩም።»

«ፈንታውስ?»

«ባትሪው ስለደከመ፣ ጄነሬተሩ ሲቆም ማሽኗም አብራ ትጠፋለች። ሁልጊዜ ‹ቆንጅት!› ብሎ ይጮህብኝ ነበር። ዛሬ አልጮኸም። እኔም ደስ አለኝ…» እንባዋ መጣ።

ወይንሸት አላጽናናቻትም። የሚያለቅስ ሰው ሁሉ ንጹሕ እንዳልሆነ ሥራዋ አስተምሯታል።

ባለቤቱ ሐጂ ሙሀመድሰይድ ጎን ለጎን ካለው የጨርቅ መደብራቸው ተጠርተው መጡ። ከፈንታው ጋር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲከራከሩ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።

«ሐጂ፣ የምን ጠብ ነበር?»

«ኢናሊላሂ! ጠብ አይደለም ልጄ። እኔ አሮጌው ሲስተም እየሠራ ለምን ይነካል አልኩ። እሱ ደግሞ፣ ‹ማሽኗን የሚያዛት ሲስተም ከላላ፣ የአንዱ ደንበኛ ጓዳ ለሌላው ክፍት ነው› አለኝ። ሲሞክር ከረመ። አንዱ ፈጣን ነው፣ ግን ሁሉንም ባንድ አዳራሽ የሚያስተኛ ሆነበት። ሌላው ደህና ነበር፤ ሠሪዎቹ ጥገናውን ሊያቋርጡ መሆኑን ሰማና ተወው። በመጨረሻ ሊኑክስ ከሚሉት ሲስተም አንዱን መረጠ፤ ደንበኛውን በየክፍሉ የሚቆልፍ። ጎረቤትህን ማየት ቀርቶ ጎረቤት እንዳለህም አታውቅም።»

«መቼ ነበር የሚቀየረው?»

ሐጂ ወደ በሩ ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የተነገረው ለእሑድ ነው። እሱ ግን ትናንትና፣ ሰለሞን አላማጣ ለቅሶ ሄዶ ሳለ ጨርሶታል። ገጾቹ ላይ ላዩን ስለማይለወጡ ማንም አላወቀም። ‹ሐጂ፣ ለሰው አይንገሩ› አለኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም ወላሂ።»

«ስክሪኑ ላይ ያለውስ?»

«የይለፍ ሐረግ እየጠየቀች ነው። ጠፍታ በተነሣች ቁጥር ሰው ቁጭ ብሎ በእጁ ካልጻፈላት አንድም ገጽ አትከፍትም። ‹የሰረቃት ሰው ድንጋይ ነው የሰረቀው› ብሎኝ ነበር።»

«ሐረጉን የሚያውቀው ማነው?»

«እሱና እኔ።» ሽማግሌው የተናገሩት ነገር ዘግይቶ ገባቸው፤ ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «ጠርጥሪኝ። ሥራሽ ነው።»

«እየጠረጠርኩ ነው» አለች ወይንሸት።

ሦስተኛዋ ፈሪሀ ነበረች፤ በከተማው የታወቀ ክሊኒክ ያላት ነርስ። ከእሷ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት ወይንሸትን ከበዳት። በዚያ ክሊኒክ እሷም ደሟን ሰጥታለች፤ ውጤቱን ለባሏ እንኳ አልተናገረችም።

«ከፈንታው ጋር ምን አገናኘሽ?»

«ጧት በስልክ ጮኼበታለሁ፤ አልደብቅም። የአቶ ብርሃኑን ልጅ ሕይወትን ታውቂያታለሽ? የደም ምርመራዋን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የተቀመጠውም እዚህ ማሽን ላይ ነው። ወሬው ዋጃ፣ ከእጮኛዋ ቤት ደረሰ። ሠርጉ ፈረሰ። ከተማው ፈሪሀ ናት ያወራችው አለ። አሁን ሴቶቹ ደጄን አልፈው አላማጣ ይታከማሉ።»

«ፈንታው ምን መለሰልሽ?»

«‹ከአንቺ አልወጣም፤ የወጣው ከእኛው ቤት ነው። ማን እንደሆነ ነገ እነግርሻለሁ› አለኝ። ከዚያ አራት ሰዓት ገደማ ውጤት ሳስገባ ገጼ ተቋረጠ። ክሊኒኬ በሶላር ስለሚሠራ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ እስካሁን አልተከፈተም። አውቆ የዘጋብኝ መስሎኝ ልጣላው ስመጣ ነው ሬሳው ላይ የደረስኩት።»

ሰለሞን ከጎብዬ የመጣው ፀሐይዋ ዘንበል ካለች በኋላ ነው። መልከ መልካም፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት ነው። ወይንሸት ስልኩን ስትቀበለው ጠፍቶ ነበር። ፈንታው መሞቱን ሲሰማ ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ።

«ጧት ከሄድክ በኋላ አግኝተኸዋል?»

«አላገኘሁትም ኢንስፔክተር። ግን አምስት ሰዓት ላይ በሕይወት ነበር።»

«እንዴት አወቅህ?»

«በድርጅታችን ገጽ ማስታወቂያ አወጣ። ‹ውድ ደንበኞቻችን፣ ጥገናው በሰላም ተጠናቋል። ፈንታው።› ጎብዬ ካፌ ቁጭ ብዬ በስልኬ አነበብኩት። የሞተው ከዚያ በኋላ ነው ማለት ነው።» ወደ ቆንጅት ገልመጥ አደረገ። «እዚህ ማን እንደነበረ እሷን ይጠይቋት።»

ቆንጅት ፊቷ ዐመድ መሰለ።

ወይንሸት ቆንጅትን ወደ ጓሮ ወስዳ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት። ከዚያ ወደ ጎብዬ ደወለች፤ ከካፌው ባለቤት ጋር አጭር ንግግር አደረገች። ስትመለስ አራቱንም በእንግዳ መቀበያው ክፍል ሰብስባ በሩን ዘጋችው።

«ከቱቦው እንጀምር» አለች። «ብሎኑን ሰው ፈትቶታል። ያ ሰው ፈንታው እንደማይሸተው ያውቃል፤ መብራቱ እንደሚጠፋም አስቀድሞ ሰምቷል። ይህ ሁላችሁንም ይመለከታል። ጥያቄው መቼ ነው የሚለው ነው። ፈንታው አምስት ሰዓት ላይ በሕይወት ከነበረ፣ ቱቦውን የነካው ቆንጅት ወይም ሐጂ ነው። ሰለሞን ያን ጊዜ ጎብዬ ነበር፤ ምስክርም አለው።»

ሰለሞን ራሱን ነቀነቀ።

«ግን አራት ሰዓት ላይ ጄነሬተሩ ቆመ። ሰርቨሯም ጠፋች። ቆንጅት ነዳጅ ሞልታ ስታስነሣው፣ በአሮጌው ሲስተም ቢሆን ኖሮ ማሽኗ ራሷ ተነሥታ ገጾቹን ሁሉ በከፈተች። አዲሱ ግን ሐረጉን ጠየቀች። ፈንታው ነቅቶ ቢሆን ወዲያው ይጽፍላት ነበር። አልጻፈም። ቆንጅትንም አልጮኸባትም። ፈሪሀ ስትሞክር የዋለችው ገጽም አልተከፈተም። ሐጂም ሐረጉን አልጻፉም፤ ማሽኗ እኔ እስክመጣ እየጠየቀች ነበርና። እንግዲህ ፈንታው አራት ሰዓት ላይ ወይ ሞቷል፣ ወይ ራሱን ስቷል። ቱቦው ከዚያ በፊት ነው የተነካው።»



«አምስት ሰዓት ላይ በዚህች ማሽን ምንም ነገር ሊወጣ አይችልም» አለች ወደ ሰለሞን ዞራ። «ታዲያ አንተ ያልወጣ ማስታወቂያ ቃል በቃል እንዴት አነበብከው?»

«ምናልባት… ሰዓቱን ተሳስቼ ይሆናል።»

«ስልክህም አብሮህ ተሳስቷል? የካፌው ባለቤት እንደነገረኝ፣ ገና ስትገባ ቻርጀር ጠይቀኸዋል፤ ጎብዬም መብራት ስላልነበረ ስልክህ እንደጠፋ ነው የሄድከው። መውጣቱን ማረጋገጥ አልቻልክም። ግን እርግጠኛ ነበርክ፤ ጧት በፈንታው ስም ጽፈህ፣ አምስት ሰዓት ላይ ራሱ እንዲወጣ ቀጥረኸው ነዋ። ሲስተሙ መቀየሩን አላወቅህም። ሐጂ፣ ማሽኗን ይክፈቱልን።»

ወይንሸት የታሸገውን ክፍል ከፈተችላቸው፤ ሐጂ ገብተው ሐረጉን ጻፉ። የድርጅቱ ገጽ ማዘጋጃ ሲከፈት ማስታወቂያው ቁጭ ብሏል፤ ጧት ከሰለሞን ኮምፒውተር የተጻፈ፣ ለአምስት ሰዓት የተቀጠረ።

«ለምን?» አለች ፈሪሀ፣ ድምፅዋ ተሰብሮ። «ምን አደረግንህ?»

የመለሰችላት ወይንሸት ነበረች። «ሕይወትን ለማግባት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኳል፤ ቆንጅት ናት የነገረችኝ። ሁለቴም እንቢ ተባለ። ልጅቷ ለሌላ ስትታጭ፣ ከራሱ ገጽ ተነሥቶ በላላው ሲስተም ወደ ክሊኒኩ ጓዳ ገባና ያገኘውን ዋጃ ላከው። ፈንታው ደረሰበት።»

ሰለሞን ወለሉን እያየ ተናገረ። «ዛሬ ጧት ‹ነገ አንተው ተናገር፤ ካልሆነ እኔ እናገራለሁ› አለኝ። በዚህች ከተማ እንዴት ብዬ ልኑር?» ከዚያ ድንገት ቀና ብሎ ወይንሸትን አያት። «እርስዎ» ማለቱን ትቷል። «ያንቺንም አንብቤዋለሁ። ልንገራቸው?»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።  ነገ ይህ ነገር ከተማውን ይዞራል፤ ባሏ ከእሷ ሳይሆን ከመንገድ ይሰማል። ዛሬ ማታ ራሷ ልትነግረው ወሰነች።

«አንብበሃል» አለች። «አሁን እጅህን ስጥ።»

ሰለሞን ከተወሰደ በኋላ ወይንሸትና ፈሪሀ በባጃጅ ወደ አቶ ብርሃኑ ቤት ሄዱ። ሕይወት ሠርጉ ከፈረሰ ወዲህ ከደጅ አልወጣችም፤ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀምጣ ነበር። ፈሪሀ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። አባትየው ራሳቸውን ያዙ።

«ፈንታው የተባለው ሰው» አለች ሕይወት በመጨረሻ፣ «ያውቀኝ ነበር?»

«አያውቅሽም» አለች ፈሪሀ። «ውጤትሽንም አላነበበም። ‹ማን እንደገባ ለማወቅ የገባበትን ማየት ይበቃል፤ የልጅቷን ጉዳይ አላየሁትም፣ አላይምም› ነው ያለኝ።»

ሕይወት ቀስ ብላ ዞረች። ከተማው ሁሉ ያወራባትን ነገር፣ በእጁ ይዞ ሳያነብ የዘጋው አንድ ሰው ነበር።

«ቀብሩ መቼ ነው?»

«ነገ።»

ተነሥታ ነጠላዋን ከሳጥን አወጣች፤ ለነገ ከወንበሩ ጀርባ ላይ ዘረጋችው።

«ልጄ» አሉ አቶ ብርሃኑ፣ «ከተማው ሁሉ እዚያ ነው የሚውለው። ያዩሻል እኮ።»

«ይዩኝ» አለች።