የምታለቅሰው ጫጩት

ልጆቼ፣ ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ትንሽዬ ስለሆነች ሁሉም «ሚጢጢ» ይሏታል። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። የፊተኛው ክፍል መስፊያ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ባለው ጓዳ ደግሞ ሚጢጢና ስምንት ወር የሆነው ወንድሟ ድንቡሼ ይጫወታሉ።

ሚጢጢ በእናቷ ስልክ አንዲት ጫጩት ታሳድግ ነበር። የእውነት ጫጩት እንዳይመስላችሁ፣ ጨዋታ ናት። በየቀኑ ካበሏት ኮከብ ትሰጣለች። አንድ ቀን ከቀሩ ግን ኮከቡ ሁሉ ድራሹ ይጠፋል! ሚጢጢ ሃያ ስድስት ኮከብ ነበራት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ የምትለካ ደንበኛ መጣች።

«የኔ ቆንጆ፣ ወንድምሽን አደራ። ዓይንሽን ከሱ እንዳትነቅዪ» አለች እናቷ።

«እሺ እማዬ!»

ወዲያው ስልኩ ጢን አለ። «ጫጩትሽ ርቧት እያለቀሰች ነው!» የሚል ጽሑፍ መጣ።

«ቶሎ አብልቻት እተወዋለሁ» አለች ሚጢጢ። አበላቻት። የስጦታ ሳጥን መጣ። ከፈተችው። ሌላ ሳጥን መጣ። እናንተ ብትሆኑ አትከፍቱም ነበር? እውነቱን ተናገሩ!

ድንቡሼ ግን ወለሉ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ አግኝቶ ወደ አፉ ከተተ። ታነቀ። ማልቀስ እንኳ አቃተው። እናቱ መርፌ ልትወስድ ስትገባ ፊቱ ጠቁሯል። ሮጣ አነሳችው፤ በክንዷ ላይ ደፍታ ጀርባውን መታች፣ ደግማ መታች። ቁልፉ ዱብ አለ። ድንቡሼም እሪ አለ! ልቅሶ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎ አያውቅም።

«ምን እያደረግሽ ነበር?»

«እ... አብሬው እየተጫወትኩ።»

ደንበኛዋ እስክትሄድ ሚጢጢ ጓዳ ውስጥ ጠበቀች። ከዚያ እናቷ አጠገብ መጥታ አቀረቀረች።

«እማዬ፣ ዋሽቼሻለሁ። ስልክ ላይ ነበርኩ። ይቅር በዪኝ።»

እናቷ እቅፍ አደረገቻት። ሁለቱም አለቀሱ።

በማግስቱ ስልክ ጠጋኙ አጎቷ መጣና ሁሉንም ሰማ።

«ጫጩቷ ርቧት አይደለም የምታለቅሰው» አላት። «የጨዋታው ሠሪዎች ገንዘብ የሚያገኙት አንቺ ስልኩ ላይ በቆየሽ መጠን ነው። ልቅሶውም፣ ኮከቡም፣ ሳጥኑም እንዳትተዪው ታስቦበት የተሠራ ነው።»

«ታዲያ ጥፋቱ የነሱ ነዋ?»

«ማታለያው የነሱ ነው። አደራው ግን ያንቺ ነበር፣ የኔ እመቤት።»

ሚጢጢ ጨዋታውን ልታጠፋው ስትል ጫጩቷ ዓይኗ በእንባ ተሞልቶ «ጥለሽኝ ልትሄጂ ነው?» አለች። ሚጢጢ ግን «አጥፋ» የሚለውን ተጫነችው።

«የኔንም፣ አዲስ ቪዲዮ ሲመጣ የሚጮኸውን ደወል አጥፋልኝ» አለች እናቷ። «እኔም መርፌ ይዤ ስልኩን ስንቴ አነሳዋለሁ!» ስልኩንም ቁም ሣጥን አናት ላይ አስቀመጡት።

ሁለት ሦስት ቀን ሚጢጢን እጇን በላት። ቁም ሣጥኑን ቀና ብላ ታያለች፣ ትመለሳለች። ከዚያ ባዶ የክር ማጠንጠኛዎችን መደርደር ጀመረች። ድንቡሼ ይንዳል፣ እሷ ትክባለች፣ እሱ ይስቃል።

ልጆቼ፣ ስልክ በጠራችሁ ቁጥር አትሩጡ፤ እግዚአብሔር አደራ የሰጣችሁ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ነው።